እትዬ መጮህ የጀመረች ጊዜ

እትዬ የሞተች ሰሞን፣ የጎረቤቷ ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "አይ ልጄ፣ ሰፈሩ ጭር አለብን እኮ!" አለችኝ።

እሷ የምታውቃት እትዬ ሌላ፣ እኛን ያሳደገችን እትዬ ሌላ። እኛን ያሳደገችው በር ስትዘጋ እንኳ ድምፅ የማታሰማ፣ ከኋላችን መጥታ ትከሻችንን ስትነካን የምንደነግጥላት ሴት ነበረች። በእሷ ሞት ሰፈር ጭር ይላል ብሎ ያን ጊዜ የነገረን ቢኖር ስቀን አንጠግብም ነበር።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባባ እትዬ ስለሚላት እኛም እትዬ አልናት፤ ቆይቶ ባለሱቁም፣ ፖስተኛውም፣ የመንገዱ ልጆች ሁሉ እትዬ አሏት። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ ዐሥር ሞልቷታል፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ተደግፎ ነው የሚሄደው። አባባ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል የሥራ ቦታው ስለነበር ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምናልፈው በጨርቅ ቁርጥራጭ፣ በካውያ እንፋሎትና ሱሪያቸው እስኪተኮስ ቁጭ ብለው በሚጠብቁ ሰዎች መሃል ነበር። ከቀብሩ በኋላ እትዬ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣችና፣ "ሠራተኛ እስክታገኝ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ" አለችው። ሻንጣውን አልጋችን ሥር ከተተችው። ሁለቱ ሳምንት አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ።

ሥራዋ ስልክ ቤት ነበር፤ ማዞሪያ። ያኔ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሷንና ጓደኞቿን ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ ትልቅ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ አንዱን ገመድ እየነቀለች ሌላውን እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ ትውላለች። አንድ ቀን ይዛኝ ሄዳ አይቻለሁ። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ያወራሉ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ግን እንደ ንብ እምም የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ቢጮኹ ማን ማንን ሊሰማ? በለስላሳው፣ ለራስ እንደሚያወሩ አድርጎ መናገር የሥራው ደንብ ነበር። እትዬ ያንኑ ድምፅ ይዛ ቤት ትመጣለች፤ እሱንም ቢሆን ቆጥባ ነው የምታወጣው። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ጆሮዋ ላይ ሲንጫጫ ስለሚውል ማታ ከወሬ ጋር የተኳረፈች ትመስል ነበር።

ሦስታችን አንድ ላይ ስንጮህባት፣ "አንድ በአንድ። መስመሩ አንድ ነው" ትለናለች። አባባ ፊቱን አጥቁሮ የዋለ ቀን ደግሞ ወደ ጓዳ ጠርታን፣ "ዛሬ የአባታችሁ መስመር ተበላሽቷል፤ ነገ ሞክሩ" ትለናለች። ሳቅ እንኳ ብላ አይደለም። ቀልድ መሆኑ የሚገባን መኝታ ቤት ከገባን በኋላ ነበር።

ታላቅ እህቴን በምላሷ ምክንያት ጠበቃዋ ነበር የምንላት። መጀመሪያ ሰሞን እትዬን መቀበል አቅቷት ነገር ትፈልግ ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ፣ "አንቺ እናቴ አይደለሽም!" አለቻት። እትዬ ትንሽ አሰበችና፣ "ልክ ነሽ" አለቻት። "ፀጉርሽ ግን መበጠር አለበት። ዙሪ።" ጠበቃዋ መልስ ያጣችው ያን ቀን ብቻ ነው። ዞረች። ማበጠሪያው ሲያልፍ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ፤ እትዬ ግን ምንም ሳትላት እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ ብላ ጎነጎነችላት።

እንደዚህ አደግን። ስንታመም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቀዝቃዛ መዳፏን ግንባራችን ላይ ታደርጋለች። ፈተና ስንወድቅ ወረቀቱን አይታ፣ አጥፋ፣ መልሳ ትሰጠናለች፤ ያ መታጠፉ ከዱላ ይብስ ነበር።

አንድ ያልገባን ነገር ዳቦው ነበር። ሌሊት ተረኛ ሆና ባደረች ቁጥር፣ ጠዋት ስትመጣ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። አምስት ሰው ነን፤ ዳቦው ዐሥር ነው። የተረፈው ይደርቅና በሾርባ እየነከርን ስንበላው እንከርማለን።

"እትዬ፣ ይኼ ቤት ነው ወይስ የወታደር ካምፕ?" አላት አባባ አንድ ቀን።

"አምስት ስለው ዐሥር ይሰጠኛል። ጋጋሪው ጆሮው አይሰማም።"

"ታዲያ ጮክ ብለሽ ንገሪው!"

መንገድ ላይ ወጥተሽ ጨፍሪ ያላት ይመስል አየችው።

ጋጋሪው ጆሮው እውነትም ደካማ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሊጥ ማቡኪያው ማሽን ሥር ስለሠራ ጆሮው ቀስ በቀስ ደንዝዟል። ሚስቱ ሞታበት ልጅም ሳይኖረው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። እትዬ ለዓመታት ዐሥሩን እየተቀበለች ስትመለስ ኖረች። አንድ ጠዋት ግን ሌሊቱን መስመር ሲበላሽ አድሮ ደክሟታል፤ ዝናቡም አበስብሷታል። ጋጋሪው ዐሥሩን ዳቦ ሲያቀብላት አንድ ነገር ፈነቀላት። "አምስት!" ብላ ጮኸች። "አምስት ነው ያልኩዎት! አምስት!" ሰልፉ ሁሉ ዞር አለ። የጋጋሪው ዱቄት የለበሰ ፊት ፈካ። "ለካ ድምፅ አለዎት!" አላት።

ይህን የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እትዬ እያፈረች ነገረችን። ጋጋሪው አጠገቧ ተቀምጦ ከንፈሯን ሲያይ ቆየና ያለ ምንም ሀፍረት ጨመረበት። "አምስት ማለቷን መቼ አጣሁት! ጣቷን ታሳየኝ ነበራ። ተቆጥታ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ነው ዐሥር የምሰጣት። እሷ ግን ወይ ፍንክች!"

ያን ቀን የጀመረው ነገር የት እንደደረሰ እኛ ቤት ያወቀ የለም። ጠበቃዋ ነርስ ሆና ትዳር ይዛለች፤ እኔ ማስተማር ጀምሬአለሁ፤ ትንሹ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እትዬ ሾርባ እየቀዳችልን፣ በዚያው ማዞሪያ ድምፅዋ፣ "ላገባ ነው" አለች።

የአባባ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። "ማንን?"

"ዳቦ ጋጋሪውን።"

"ለዚህ ነዋ ዳቦው!" ብሎ ትንሹ በሳቅ ፈነዳ። እኛም ተከተልነው። አባባ ግን አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን ሠላሳ ዓመት በስልክ ሰምቼዋለሁ። አዲስ ነገር አይልም።"

"እኔ ቤት ምን ጎደለሽ?"

"ምንም አልጎደለኝም" አለችው። "ልጆቹ አደጉ። እኔም ቤት አማረኝ፣ ምን ላድርግ።" ከዚያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ "ቀሚሴን አንተ ትሰፋልኛለህ ብዬ ነው" አለችው።

አባባ ከወንበሩ ተነሣ። "እኔ የእብደት ልብስ አልሰፋም" ብሎ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ቀሚሷን ከሱቅ ገዛች። ለልብስ ሰፊ እህት ከሱቅ ቀሚስ ገዝቶ ማግባት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ጠበቃዋና እኔ ምስክር ሆነን ፈረምን። እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿን ሸፍኖባት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ቆመን ወደ ውስጥ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። ጋጋሪው ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ከጥፍሩ ሥር ግን ዱቄት አልለቀቀውም። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም "ፈቃደኛ ነዎት?" ሲለው ስላልሰማ ዝም አለ። እትዬ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ፣ "አዎ በል!" አለችው። ሹሙ ሳይቀር ሳቀ።

አባባ ያን ቀን ከመኪናው ቀና ሳይል እንደዋለ ትንሹ ነገረን። የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቷቸው ተገኘ፤ ማታ ተቀምጦ ሲፈታ አመሸ።

በወሩ ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቃት ሄድኩ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሳለሁ አንዲት ሴት፣ "ጨዉን የት አደረግከው?" ብላ ስትጮህ ሰማሁ። የማን ሚስት ናት ይቺ ደግሞ ብዬ አለፍኩ። "ጨው! ጨው!" ሲል ድምፁ የሚመጣው ከዚያው ከምሄድበት ቤት መሆኑን አወቅሁ። እትዬ በሩን ስትከፍትልኝ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ሰማሽኝ?"

"ጨው ጠፋብሽ እንዴ እትዬ?"

"ምን ላድርግ፣ ካልጮህኩ አይሰማ!"

መጀመሪያ ሰሞን አፍራ መስኮት እየዘጋች ነበር። ከዚያ ሙቀት ሲመጣ መስኮቱን ከፈተችው፤ ሀፍረቱም አብሮ ወጣ። ዛሬ ምን እንደሠራች፣ ጉልበቷን የት ጋ እንደሚያማት፣ ጀርባዋ የት ጋ እንደሚበላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። "ከፍ በል! ወደ ግራ! እሱ ጋ!" ስትል መንገደኛው እየሳቀ ያልፋል። እኛ ደግሞ ጉድ አየን። እትዬ ለካ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አላት! አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን ያላወቅነውን እዚያ በር ላይ ቆመን አወቅን። የጠበቃዋን ባል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳልወደደችው፣ እኔ ስዘፍን እንደምወዛወዝ፣ ትንሹ በድብቅ ሲያጨስ ታውቅ እንደነበር፣ ሁሉንም።

አባባ ግን አልሄደም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ዘንድ ስመለስ ቀና ሳይል፣ "ደህና ናት?" ይለኛል።

"ለምን ራስህ ሄደህ አታያትም?"

ይሄኔ መርፌዎቹን ከንፈሩ መሃል ያደርጋል። መርፌ የያዘ ሰው አይጠየቅም።

አንድ ቅዳሜ ወደ እሷ ልሄድ ስል ዝናብ ያዘኝና በር ላይ ቆሜ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ አባባ ካፖርቱን ደርቦ ዣንጥላ ይዞ ወጣ። "ነይ፣ ላድርስሽ። ከበሩ እመለሳለሁ" አለኝ። እኔም እንዳይሸሽብኝ ምንም ሳልል ተከተልኩት። ቤቱ ጋ ስንደርስ መስኮቱ ክፍት ነው፤ የእትዬ ድምፅ ዝናቡን አልፎ ይመጣል።

"የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነበር እኮ!"

"ለስንት?" አለ የጋጋሪው ድምፅ።

"ለሁለት ሳምንት! ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁም ነበር!"

"ታዲያ ለምን ቀረሽ?"

አባባ ሊመለስ ዞር ብሎ ነበር። ቆመ።

"ወንድሜ ነዋ! ልጆቹ ከተኙ በኋላ መኪናው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል! እንዳይሰማበት መኪናውን በባዶው ያስኬደዋል! ጨርቅ የለበት፣ ክር የለበት!"

"ምን ያደርጋል?"

"ያለቅሳል!"

"ማን?"

"ወንድሜ! ያለቅሳል! እንዴት ጥዬው ልሂድ?"

አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ ሲያልፍ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ። ልጅ ሆኜ የመኪናው ድምፅ ነበር የሚያስተኛኝ፤ አባባ ሌሊትም ይሠራልናል እያልኩ። ቀና ብዬ ልመለከተው አልደፈርኩም። ዣንጥላው እጁ ላይ ተዘቅዝቆ ዝናቡ አናቱ ላይ ይወርዳል።

"አሁን ደግሞ ናፈቀኝ!" አለች እትዬ ከውስጥ።

"ማን?"

"ወንድሜ! ወንድሜ ናፈቀኝ!"

አባባ ዣንጥላውን አጠፈው። "ይኼ ሰውዬ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር እናንኳኳ" አለኝ። "አለዚያ ታሪኬን ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማልኝ ነው።"

በሩን የከፈተችው እትዬ ናት። አባባን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ዣንጥላ ይዘህ ለምንድን ነው የምትበሰብሰው?" አለችው። ድምፅዋ የድሮው ነበር፤ ያ ቀስ ያለው።

"በጣም ነው የምትጮኺው፣ እትዬ" አላት።

"ምን ላድርግ።"

እጁን ይዛ አስገባችው። ጋጋሪው ከወንበሩ ተነሣና ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። የአባባ ዓይን በር ላይ ወደተሰቀለ አንድ ኮት ሄደ።

"ይኼ ኮት የማን ነው?"

ጋጋሪው አልሰማም።

አባባ ከእትዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ኮቱ አየ። ከዚያ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ "ኮቱ!" ብሎ ጮኸ። "የማን ነው?"

"የእኔ!"

"ትከሻው ወድቋል! ሰኞ ሱቅ ይዘኸው ና!"

እትዬ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ባዶ ድስት ታማስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሲነገሩ አጭር ናቸው፤ የደስታ ዘመን መቼ ይያዛል። የእሑድ ምሳ ወደ እነእትዬ ቤት ተዛወረ። ጋጋሪውን ጋሼ ዳቦ አልነው። አግብቼ የወለድኳት ልጅ አፏን ስትፈታ የመጀመሪያ ቃሏን የተናገረችው በጩኸት ነው፤ ሰው የሚያወራው እንደዚያ መስሏት። አባባ ለእትዬ ቀሚስ ሰፋላት፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ። ጋሼ ዳቦ ደግሞ ባማረ ኮት መንገድ ለመንገድ ሲዞር፣ "ዳቦ ሻጭ ሳይሆን ዳቦ የሚያስሸጥ ትመስላለህ" እያልን እናበሽቀው ነበር።

የመጨረሻዋ ዓመት ላይ የእትዬ ልብ ደከመ። ትንፋሽ አጠራት፤ ጩኸቱም አብሮ ሄደ። ከአልጋ ላይ ሆና የምታወጣው ድምፅ አጠገቧ ለተቀመጠ እንኳ ለመስማት ይከብድ ነበር። ጋሼ ዳቦ ከንፈሯን እያየ የቻለውን ያህል ይረዳል፤ ያልያዘው ግን ይበዛል፤ ይናደዳል፣ ጆሮውን በመዳፉ ይመታል። ይሄኔ አባባ ሱቁን በጊዜ እየዘጋ በየቀኑ መምጣት ጀመረ። በሁለቱ መሃል ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ እትዬ ታንሾካሹካለች፣ እሱ ይጮሃል።

"መድኃኒቷን ወስዳለች!"

"መስኮቱን ዝጋ ትላለች፣ በረዳት!"

"ሾርባው ጨው በዝቶበታል! እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ያለችው!"

አንድ ከሰዓት እኔም ጠበቃዋም እዚያው ነበርን። እትዬ አባባን በጣቷ ጠርታ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው። አባባ ቀና አለና ጣራውን አየ።

"ምን አለች?" አለ ጋሼ ዳቦ።

አባባ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት።

"ምን አለች? ንገረኝ እንጂ! አመማት?"

የአባባ ጆሮ ቀላ። "ምንም አይደል… ቆንጆ ነህ ትላለች።"

"ምን?"

"ቆንጆ ነህ!" ብሎ አባባ ጮኸ። "ቆንጆ ነህ ነው የምትለው! ቆንጆ!"

ከውጭ በኩል ከመንገዱ የአንድ ሰው ሳቅ ተሰማ። ጠበቃዋ ትራሱ ላይ ተደፋች። እትዬ ድምፅ የለው፣ ምን የለው፣ ትከሻዋ ብቻ ሲነቃነቅ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እስኪፈስ ስትስቅ አየኋት። ጋሼ ዳቦ አልሳቀም። ፀጉሩን በእጁ አስተካከለና ኮቱን አምጥቶ ለበሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። አንድ ጠዋት ጋሼ ዳቦ ሻይ ይዞላት ሲገባ በእንቅልፏ ሄዳለች።

ጋሼ ዳቦን ከኛ ጋር ኑር ብንለው አሻፈረኝ አለ፤ ምድጃውን ከተረከቡት ወጣት ጋጋሪዎች መራቅ አልፈለገም። እሑድ እሑድ ግን እኔ ቤት ይመጣል። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ፣ "እትዬ እንደኔ ልጅ ሆና እንዴት ነበረች?" ብላ ጠየቀች። እኔ ወደ አባባ ዞርኩ። ጋሼ ዳቦም ጥያቄውን ከከንፈሯ ይዞት ኖሯል፣ ወንበሩን ወደ አባባ አስጠጋ። "እኔ ያገባኋት ሃምሳ ካለፋት ወዲህ ነው" አለ። "የፊተኛውን አልደረስኩበትም። እስቲ ንገረን።"

አባባ መነጽሩን አውልቆ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ አኖረው። እሱና እትዬ የተማሩበትን ትምህርት ቤት የሚዞር ግንብ ነበር አለ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ አንድ እግር ብቻ የሚያስቆም። ወንዶቹ እየተወራረዱ ይወጡና ግማሽ ሳይደርሱ ይዘላሉ። አንድ ቀን እትዬ ጫማዋን አውልቃ ለእሱ አስያዘችውና ወጣች። እሱ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጫማዋን በደረቱ አቅፎ ከሥር ከሥሯ እየሮጠ፣ "ትወድቂያለሽ! ትወድቂያለሽ!" እያለ ያለቅሳል። እሷ አንዴም ወደ ታች አላየችም።

"ከዚያስ?" አለች ልጄ።

"ዞረችዋ! ሙሉውን! ከበሩ እስከ በሩ!"

"እንዴት አድርጋ?"

አባባ ሊያስረዳ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከወንበሩ ተነሣ። ወለሉ ላይ ባለው የንጣፍ መስመር ላይ አንድ እግሩን አስቀደመ፣ ሌላውን ከፊቱ አደረገ፣ ሁለቱን እጆቹን ወደ ጎን ዘረጋ፤ አገጩን ቀና አድርጎ ወደ መስኮቱ መሄድ ጀመረ። ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ጋሼ ዳቦ ቶሎ ብሎ ተነሣና፣ ሳይነካው፣ መዳፎቹን ከጎኑ ዘርግቶ አብሮት ሄደ።